የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፦ ከሐይቅ እስከ ወልድያ

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሌሎች የመጻሕፍት ቤቶች የሚለየው በአንባቢው ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የአንድ ደብር አገልጋይ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆን ሳያስፈልግ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ የሚያነብበት ቤት ነው፤ ወጪውንም የሚችለው መንግሥት ወይም ማዘጋጃ ቤት ነው። በዚህ ትርጉም ከታየ ተቋሙ በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ የቆየ ነው። መጽሐፍን ሰብስቦ የማኖር ልማዱ ግን እጅግ የቆየ ሲሆን፣ ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን እያቋረጠ ወልድያ የሚደርሰው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ግራ ቀኙ የታሪኩን ዋና ዋና ደረጃዎች ይዟል።

ከሁሉ የሚቀድመው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቁ ደሴት ላይ ገዳሙን ሲያቋቁሙ ከምንኩስናው ጋር ትምህርትን፣ ከትምህርቱም ጋር መጻሕፍትን አስገቡ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1280/81 ዘመን የተመዘገበበት በመሆኑ ዘመናቸው በውስጣቸው ከተጻፈ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ቀደምት ከሆኑት ይመደባል። በዚሁ ወንጌል ላይ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚለው ሥራ ማለት ነው፤ ማን ሰጠ፣ ምን ተሰጠ፣ የማን ሆነ። የገዳሙ መጻሕፍት በዕቃ ቤት ይቀመጣሉ፤ የሚያወጣቸውም የሚመልሳቸውም ኃላፊነቱ የተሰጠው አገልጋይ ነው። ቅጣቱም በመጽሐፉ መጨረሻ ወይም በባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል፦ የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ ወስዶ ያልመለሰውን የሚያወግዝ ቃለ ግዝት። የገንዘብ መቀጮ ባልነበረበት ዘመን ከዚህ የበለጠ የውሰት ደንብ ማግኘት ያስቸግራል፤ ብዙ መጻሕፍትም ለዘመናት ከቦታቸው ሳይነቀሉ የቆዩት በዚሁ ግዝት ጥላ ሥር ነው።

በእስልምናው በኩል ደግሞ ሐሪማዎቹ፣ የትምህርትና የአምልኮ ማዕከላቱ፣ አሉ። በየጁ ምድር የሚገኘውን የዳናን ማዕከል ያቆሙት ሼህ አሕመድ ቢን አደም፣ በወሎ ሕዝብ አጠራር ቀዳማዊው ዳንይ፣ ያረፉት በአውሮፓውያን 1903 ነው። በዳናም ሆነ ከእርሱ በፊት በተቋቋሙት በጃማ ንጉሥና በጌታ ማዕከላት ደረሶች፣ ማለትም ተማሪዎች፣ ከሩቅ አገር እየመጡ ፊቅሕና ነሕው (ሕግና ሰዋስው) ይቀሩ ነበር። ኪታቡን በእጃቸው እየገለበጡ አንዱን ለራሳቸው ይይዛሉ፤ ሌላው በወቅፍ ለሐሪማው ይቀራል። ወቅፍ የተደረገ መጽሐፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ባለቤትነቱ ለፈጣሪ፣ ጥቅሙ ለአንባቢ ነው። በዐረብኛ ከተጻፉት ኪታቦች ጎን በአማርኛ ተገጥመው በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የተጻፉ መንዙማዎች መኖራቸው ስብስቡ ለዐዋቂዎች ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል፤ መንዙማ የሚዜመው ለሕዝብ ነውና። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ በ2001 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት እነዚህን ማዕከላት በዝርዝር ተከታትለዋቸዋል።

ገዳሙም ሐሪማውም አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ መጽሐፉ ከመምህሩ አይለይም። ወደ መጽሐፉ የሚደርስ ሰው በመጀመሪያ ደቀ መዝሙር ወይም ደረሳ መሆን አለበት። በዚህም ምክንያት መጽሐፍ ሲጠፋ ትምህርቱ በቃል ተይዞ ሊተርፍ ይችል ነበር፤ የመጽሐፍ ጥበቃውም ከሊቁ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ሆነ።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ ትልቅ ስብስብ የሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በመቅደላ አምባ ላይ ለሚሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ቦታ ወደ አንድ ሺህ የሚገመቱ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። አሰባሰቡ በፈቃድ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የጎንደር ካህናትም በጊዜው አልወደዱትም። ቢሆንም ከአንድ ደብር አቅም በላይ የሆነ፣ በመንግሥት እጅ የተደራጀ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት አስበው መነሣታቸው ራሱ አዲስ ነገር ነበር። አሳቡ ፍጻሜ አላገኘም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዝርፊያው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደና በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ተጉዞ ነበርና 350 ያህል መጻሕፍት ለሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። የወሎ ልጅ አያቶቹ በሚያውቁት አምባ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ለማየት ወደ ለንደን መሄድ የሚያስፈልገው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

መቅደላ በተዘረፈችበት ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ሌላ ዓይነት ቤተ መጻሕፍት እያቋቋሙ ነበር። እንግሊዝ ከተሞች ከግብር ገንዘብ ቤተ መጻሕፍት እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን ሕግ ያወጣችው በአውሮፓውያን 1850 ነው፤ የቦስተን ከተማ ቤተ መጻሕፍትም በ1854 ለሕዝብ ተከፈተ። የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኒጊ በየአገሩ ከ2,500 በላይ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች እንዲሠሩ ገንዘብ ሲሰጥ ከተማው መሬቱን እንዲያቀርብና በየዓመቱ የማስኬጃ በጀት እንዲመድብ ውል ያስገባ ነበር። ሕንፃ መስጠት ቀላሉ ክፍል መሆኑን የተረዳ ሰው የጻፈው ውል ነው። ዩኔስኮም በአውሮፓውያን 1949 ባወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ ተቋሙ በሕግ የቆመ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደርና ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ጠየቀ።

በኢትዮጵያ ለሕዝብ ተብሎ የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ወመዘክር» በሚለው አጭር ስሙ ይጠራዋል። ወመዘክር ሁለት ሥራ ደርቦ ያዘ፤ የአገሪቱ መዝገብና ቅርስ ጠባቂም፣ የከተማው አንባቢ ማረፊያም ሆነ። ሁለቱ ሥራዎች አብረው ለመሄድ ያስቸግራሉ። ጠባቂው መጽሐፉ ከቤት እንዳይወጣ ይፈልጋል፤ አንባቢው ግን ወስዶ ማደር ይፈልጋል። በደርግ መጀመሪያ ዘመን የወጣው ሕግ እያንዳንዱ አሳታሚ ከሚያሳትመው ሁሉ ሦስት ቅጂ ለወመዘክር እንዲያስገባ አዘዘ፤ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ ተቋሙን እንደገና አደራጀው። ስብስቡ በዚህ መንገድ አደገ። ከሦስቱ ቅጂዎች አንዷም ግን ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ አልሄደችም፤ ሕጉ የታሰበው ለመሰነድ እንጂ ለማዳረስ አልነበረም።

በክፍለ ሀገር የቤተ መጻሕፍትን ቦታ የያዘው ትምህርት ቤቱ ነው። በወሎ ከደሴው ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት ያለፈ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ያለውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እዚያው ነው። በ1950ዎቹ የትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት በከፊል በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ መምጣት የጀመሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ባሰባሰቧቸው መጻሕፍት ተሞሉ። ልገሳው ጠቀሜታ ቢኖረውም መደርደሪያው በእንግሊዝኛ ተያዘ። የአማርኛው ክፍል ከጥቂት የታሪክና የልብ ወለድ መጻሕፍት አላለፈም፤ ዝንባሌውም እስከ ዛሬ አልተላቀቀም። ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ ወጣትም የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት በዚያው ዕለት ይዘጉበታል፤ ከተማው ውስጥ ምትክ የለውም።

ቤተ መጻሕፍትን ወደ ቀበሌ ለማውረድ የተደረገው የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጋር የመጣ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። አዘጋጆቹ አንድ ነገር ቀድመው አስተውለው ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ካላገኘ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይረሳዋል። ስለዚህ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር የንባብ ክፍሎች እንዲከፈቱ ተደረገ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት እርባታ፣ ስለ እርሻ የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍትም ታተሙ። በአብዛኛው ክፍሉ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጎን ያለ አንድ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ነው። በመደርደሪያው ላይ የከብት በሽታን የሚያስረዳው መጽሐፍ ከፖለቲካው በራሪ ጽሑፍ ጋር ተደርድሮ ይቀመጣል፤ የትኛው ቶሎ እንደሚያረጅ ለመገመት አያዳግትም።

የንባብ ክፍሎቹን ዛሬ ሰዎች የሚያስታውሷቸው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ የካድሬ ስብሰባ የሚካሄድበትን ክፍል ያስታውሳል። ሌላው ደግሞ ቤቱ መብራት የሌለው ልጅ ትምህርቱን የሚያጠናበትን፣ ደብዳቤ የደረሰው ሰው የሚያስነብብበትን ቦታ ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት ነው። የወሎ ገጠር ግን በዚያው ዘመን የ1977ቱን ረሃብ አስተናገደ፤ ቀጥሎም የእርስ በርስ ጦርነቱ ገባበት። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ የንባብ ክፍሎቹ የደርግ ንብረት ተደርገው ስለታዩ ብዙዎቹ ለሌላ ሥራ ዋሉ፤ መጻሕፍቱም ወደየቤቱ ተበተኑ። ሥርዓትን ተከትሎ የመጣ ቤተ መጻሕፍት ከሥርዓቱ ጋር ሄደ።

በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ያላቀደው አንድ ተቋም በየከተማው ሠርቶ ነበር፤ መጽሐፍ የሚያከራይ ኪዮስክ። ባለ ኪዮስኩ ልብ ወለዶችን በካርቶን ሸፍኖ በገመድ ይደረድራል፤ አንባቢው ማስያዣ አስቀምጦ በቀን በሳንቲም ይከራያል፣ ካዘገየ ይከፍላል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ላይ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ያደመጠ ሰው በማግሥቱ መጽሐፉን የሚፈልገው ከኪዮስኩ ነበር። ኪዮስኩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም፤ ያስከፍላል፣ የሚያከራየውም የሚፈለገውን ብቻ ነው። ግን ሁለት ነገሮችን ከመንግሥት ቤቶች በተሻለ ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉ ወደ ቤት መሄድ እንዳለበት፣ በሩም ሰው ከሥራ ሲወጣ ክፍት መሆን እንዳለበት። የቪዲዮ ቤቶች፣ ቀጥሎም የእጅ ስልክ ሲስፋፉ ኪራዩ ከብዙ ከተማ ጠፋ።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት የማቋቋሙ ሥራ በከፊል ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተሻገረ። በአውሮፓውያን 1994 የተመሠረተው ኮድ ኢትዮጵያ ወረዳው ቤቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ ሲችል፣ ድርጅቱ መጻሕፍትና ሥልጠና በሚያቀርብበት ስምምነት በተለያዩ ክልሎች ወደ 100 የሚጠጉ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ደገፈ። ስምምነቱ የካርኒጊን ውል ያስታውሳል። በአማራ ክልልም በየወረዳው ከተማ የወጣቶች የስብዕና መገንቢያ ማዕከላት ሲሠሩ አብዛኞቹ ውስጥ የንባብ ክፍል ተካተተ። በአንዳንዱ ማዕከል ከንባቡ ክፍል ይልቅ እግር ኳስ የሚታይበት አዳራሽ ገቢ ስለሚያስገባ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ አያጠያይቅም።

ስለ መጻሕፍቱ ይዘት ጥያቄውን በግልጽ ያነሣው ሰው በሙያው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እንዲገዛ ታዘዘ፤ የሚገዛ አላገኘም። በአውሮፓውያን 2002 «ሞኙ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በሽያጩና በልገሳ ገንዘብ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቦታው ስላልበቃ በግቢው ድንኳን ተተከለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት በሐዋሳ ጀመረ። ከደራሲዋ ጄን ከርትዝ ጋር ያቋቋመው ኢትዮጵያ ሪድስ ሥራውን ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች አደረሰ። የዮሐንስ ትልቁ አስተዋጽኦ አህያዋ አይደለችም፤ ምንም እንኳ ጋዜጠኞች የወደዱት እርሷን ቢሆንም። በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ሳይጻፍና ሳይታተም የሚከፈት የልጆች ቤተ መጻሕፍት የሌላ አገር ልጆችን መጻሕፍት ማከማቻ እንደሚሆን ማሳየቱ ነው።

በዋና ከተማዋ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ተመረቀ። ግንባታው 1.1 ቢሊዮን ብር የወሰደ ሲሆን በሺህ የሚቆጠሩ አንባቢዎችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩ በተማሪ መያዙ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ለቆየው «ወጣቱ አያነብም» ለሚለው ወቀሳ በቂ መልስ ሰጠ። የተራበው መቀመጫ፣ መብራትና ጸጥታ ነበር። በዚያው ወር ግን ሰሜን ወሎ ፍርስራሽ እያነሣ ነበር።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዘው ቆዩ። ውርጌሳና ውጫሌ ግንባር ሆነው ከባድ ውጊያ ተደርጎባቸዋል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና በደሴና በኮምቦልቻ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፉ፤ በየወረዳው ያሉ ትምህርት ቤቶችም ወንበራቸውን፣ ኮምፒውተራቸውንና መጻሕፍታቸውን አጡ። ትምህርት ቤቶቹ ወደ ሥራ ሲመለሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ጣሪያና ጠመኔ ስለነበር ቤተ መጻሕፍት በመልሶ ማቋቋሙ ሰልፍ ወደ ኋላ ቀረ። የመጽሐፍ ጥፋት ከሌላው ጥፋት በአንድ ነገር ይለያል። ሕንፃ የፈረሰበት ቦታ ለዓይን ይታያል፤ በአሥር ዓመት ልገሳ የተጠራቀመ መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ግን ክፍሉ ያው ክፍል ስለሆነ ቆጥሮ የሚያስመዘግብ ሰው ያስፈልገዋል፤ የመጻሕፍቱ መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ ጠፍቷል።

ብዙ ሳይቆይ የቤተ መጻሕፍትን አስፈላጊነት ያስታወሱ ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ አልተሻሻለም። ቤታቸው ጠባብ፣ መብራታቸው የሚቆራረጥ ተማሪዎች ቁጭ ብለው የሚያጠኑበት ቦታ ያለመኖሩ ጉዳይ ከወላጆች ወግ ወደ ስብሰባ አጀንዳ ወጣ። ሁለተኛው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል የታተሙት መማሪያ መጻሕፍት ስላልበቁ ተማሪው በስልክ ከተላከለት ፋይል እንዲያነብ ተገደደ፤ ስልክ የሌለው ከባለ ስልኩ ጎን ተቀመጠ። ሦስተኛው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተጀመረው ግጭትና ለወራት የቆየው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። «ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» የሚለው ንግግር በዚያን ጊዜ ትርጉም አጣ፤ የታተመች አንዲት የፊዚክስ መጽሐፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ነበር።

በውርጌሳ መጠን ባለ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው አገልግሎት ከታላላቆቹ ይለያል። በጥዋት የሚመጣው የሥራ ማስታወቂያ የሚፈልግና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና የሚዘጋጅ ተመራቂ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ይተካል። መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ፣ ወልድያ ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ቢኖሩም ቤተ መጻሕፍቶቻቸው የተከፈቱት መታወቂያ ለያዙ ተማሪዎቻቸው ነው። የአካባቢው ገበሬ ስለ ማንጎ ተባይ ወይም ስለ ማሽላ ዘር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቢያገኝ የሚያነብለት ልጅ ቤቱ ውስጥ አለው፤ የሚጎድለው ጽሑፉ ነው። የየጁ ታሪክ፣ የሐይቅና የዳና ቅርስ፣ የመንዙማውና የቅኔው ጽሑፍ የሚሰበሰብበት የአካባቢ ታሪክ ክፍልም እስካሁን የግለሰቦች ሳጥን ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ሳጥኑ ወይ ለዘመድ ይከፋፈላል ወይ ይሸጣል።

ተቋሙን የሚያቆመው ወይም የሚዘጋው ግን የበጀት አርእስት ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ የቀረው ለነዳጅ፣ ለውሎ አበልና ለጽሕፈት መሣሪያ ይሸራረፋል። መጽሐፍ ግዢ ራሱን የቻለ መስመር ስለሌለው መደርደሪያው በልገሳ ብቻ ይሞላል፤ ልገሳው ደግሞ ሰጪው ያለውን እንጂ አንባቢው የሚፈልገውን አያመጣም። የወረቀት ዋጋ በመናሩ አንድ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት መቶ ብር ሆኗልና ወጣቱ በግሉ መግዛት አይችልም፤ አንድ ቅጂ ግን በዓመት በአርባና በሃምሳ እጅ ልታልፍ ትችላለች። ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛ እንደመሆኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ከፍቶ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ቅዳሜና እሑድ አይከፍትም፤ ተማሪውም ነጋዴውም የሚፈታው በዚያው ሰዓት ነው። ሰዓቱን ለማራዘም ሁለተኛ ሠራተኛ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚፈቅደው በሐምሌ በጀት የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው።